የምናለ ኮከብ፣ ከነአቧራው

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

ዛሬ ምንም አልሆነም። የዐሥረኛ ክፍል ፈተና ሳርም ዋልኩ። "ብርሃን ምንድን ነው?" ለሚለው ጥያቄ አንዱ ተማሪ "ማታ ማታ የሚጠፋ ነገር" ብሎ ጽፏል። ግማሽ ማርክ ሰጠሁት። ፍኖተ ሰላም ለሚኖር ሰው ሙሉ መልስ ነው።

ኔትወርክ መጣና ከባሕር ዳር የመመረቂያ ጽሑፌ አማካሪ መልእክት ገባ። ዶክተር መስከረም። "ባምላኩ፣ ግራፍህ ቆንጆ ነው። ግን ወጣት ኮከቦች ለምን ያለ ሥርዓት እንደሚደበዝዙ ፊዚክስ ላልተማረ ሰው በሚገባ ቋንቋ አንድ ገጽ ጻፍልኝ። ካቃተህ ለአንተም አልገባህም ማለት ነው።"

አልገባኝም እንዴ?

ጀመርኩ። ወጣት ኮከብ ዙሪያውን በጋዝና በአቧራ ዲስክ የተከበበ ነው፤ ፕላኔት የሚሠራው ከዚያ አቧራ ነው። እንዲህ ያለው ኮከብ በየጊዜው ብርሃኑ ይወርዳል። አንዳንዴ ለሰዓታት፣ አንዳንዴ ለቀናት። አንዳንዴ እስከ ግማሽ። ከዚያ ይመለሳል። ቀጠሮ የለውም። "አቧራው ይጋርደዋል" ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት። አቧራው የሚዞር ከሆነ ለምን በሥርዓት አይጋርድም ታዲያ?...

ምናለ ከሥራ ገባ፣ ላም ላም እየሸተተ። የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ከኮሌጅ ጀምሮ ጓደኛዬ፣ አሁን አንድ ቤት ነው የተከራየነው። ቡሬ አጠገብ ላሉት ለአያ ፀጋው ሽማግሌ ልኳል። ለልጃቸው ለያምሮት። ፊቱ ላይ ገና ሳይፈቀድለት አማች የሆነ ሰው ፈገግታ አለ።

"ጾም ሳይገባ፣ የካቲት መጀመሪያ" ይላል። ሳይጠየቅ። ሦስት ጊዜ።

ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ

የቅዱስ ጊዮርጊስ ማኅበር። አባቴ ከሞተ ጀምሮ በእሱ ቦታ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ቀጥታ ሚኒባስ ይዤ ቡሬ፣ ከቡሬ በእግሬ ገጠር። ላፕቶፔ ጀርባዬ ላይ። የዚህ ወር ተራ የአያ ፀጋው ነበር። የማኅበሩ ሙሴም እሳቸው ናቸው፤ ሰብሳቢ፣ ዳኛ፣ ሲቆጡም ወላፈን።

ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲዞር አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

"ባምላኩ፣ ያ ሳጥን ኮከብ ይቆጥራል ይሉኛል።"

"ያያል እንጂ አይቆጥርም፣ አያ ፀጋው።"

"ያው ነው። መሪጌታ የምናለንና የያምሮትን ቆጥረው ይገጥማል ብለውኛል። ግን ልጄ ናት... አንድ ጊዜ ደግሞ በሳጥኑ ባይ ምን ይለኛል?"

መሪጌታ ቂርቆስ ከጥግ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሰውን ስም ከእናቱ ስም ጋር በፊደል ቆጥረው በዐሥራ ሁለት እየገደፉ ኮከቡን ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። የእሳቸውን ቁጥር በሳጥን ማስፈተሽ ጳጳስን በዲያቆን ማስመርመር ነው።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም ማለት ብችልማ ይኸኔ ርእሰ መምህር ነበርኩ።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። የመመረቂያ ጽሑፌን ኮከብ ግራፍ አወጣሁ። መስመሩ ሜዳ ሜዳውን ይሄድና ድንገት ገደል ይገባል። በዚያው ቅጽበት ጽዋው ተራውን ጠብቆ እጄ ገባ። በግራዬ ላፕቶፕ፣ በቀኜ ጽዋ። ቅንድቤን ሰበሰብኩ፣ ድምፄን አወፈርኩ።

"ይኸ የምናለ ኮከብ ነው። ወጣት ነው። ብሩህ ነው። ነገር ግን ይደበዝዛል። ቀን አይለይም፣ ሰዓት አይለይም። መቼ እንደሚጨልም የሚያውቅ የለም።"

ማንም አልሳቀም። ግርማ ሞገሴ አሸንፏቸው መሰለኝ። ምናለ ሲሰማ እንዴት እንደሚንከተከት!

ታኅሣሥ 24

ለምናለ ነገርኩት። አልሳቀም።

"ጽዋ ይዘህ?" አለኝ።

ምን ነካው?

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

አያ ፀጋው ሽማግሌዎቹን አስጠርተው መልስ ሰጡ። "ልጁን አልጠላሁትም። ኮከቡ ግን ይጨልማል። ልጄን ለጨለማ አልድርም።" አንድ የሽንዲ ነጋዴ ደግሞ ለልጁ ሲጠይቅ ከርሟል። የእሱ ሽማግሌዎች ጥር 24 እንዲመጡ ቃል ተሰጥቷቸዋል። በጊዮርጊስ ማግሥት።

ምናለ ይህን ሁሉ የነገረኝ ቆሞ ነው። ከዚያ ፍራሹን ጠቀለለ። የመርፌና የመድኃኒት ቦርሳውን አነገተ።

"ወዴት?"

"ላም ወዳለበት። ላም አትቀልድም።"

በሩ ላይ ዞረ። "አንተ እኮ አንድም ቀን ክፉ ሆነህ አታውቅም፣ ባምላኩ። የሚያናድደው እሱ ነው።"

ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ታኅሣሥ 29

ገና። ለሁለት ሰው የተገዛ ዶሮ ነበር። አልወርድ አለኝ። ዶሮው እንኳ ወገን ለይቷል።

ታኅሣሥ 30፣ ሐሙስ

ሄድኩ። አያ ፀጋው ግቢ ውስጥ በርበሬ እያሰጡ አገኘኋቸው። መንገድ ለመንገድ ንግግር ሳሰናዳ ነበር የመጣሁት፤ እሳቸውን ሳይ ሁሉም ጠፋኝ።

"አያ ፀጋው፣ ቀልድ ነበር።"

"ምኑ?"

"ኮከቡ። የምናለ አይደለም። የሰው አይደለም። ሰማይ ላይ ያለ የራሱ ኮከብ ነው፤ እኔ የማጠናው።"

በርበሬውን አገላበጡ። አንዱን አንስተው አሸተቱት። አስቀመጡት።

"ምናለ ላከህ።"

"ኧረ እሱ ጭራሽ አያናግረኝም!"

"ጓደኛህ ነው። ሰው ለጓደኛው ይዋሻል። እኔም ዋሽቼ አውቃለሁ፣ ጊዮርጊስ ይቅር ይበለኝ። ጽዋ ይዞ የሚዋሽ ግን በዚህ አገር አልተወለደም። በአባትህ ቦታ ተቀምጠህ፣ ጽዋ ጨብጠህ የተናገርከው እውነት ነው። ውሸቱ ይኸ የዛሬው ነው።"

በሐቀኝነቴ ላይ የዚህን ያህል እምነት የጣለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። በዚሁ ምክንያት ውሸታም ሆኜ ቀረሁ።

"እሺ፣ የሽንዲዎቹን ቀን እንኳ ገፋ ቢያደርጉት..."

"ቃል ሰጥቻለሁ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።"

የወለዷት ያምሮት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰፌድ ይዛ። ሰማች። ሰፌዱን ቀስ ብላ አስቀምጣ ገባች።

ጥር 3፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ቂርቆስን በዛፍ ጥላ ሥር ያዝኳቸው። እባክዎ፣ የምናለና የያምሮት ኮከብ ይገጥማል ብለው ለአያ ፀጋው እንደገና ይንገሯቸው...

"ያን ዕለት የእኔን ቁጥር በሳጥን ሻርከው። ዛሬ ደግሞ ሳጥንህን በእኔ ልትሽር መጣህ?"

"አጥፍቻለሁ፣ መሪጌታ።"

"ኮከቡን ያጨለምከው አንተ። አንተው አብራው።"

ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ። ጥቂት እንደራቁ ቆሙ። ሳይዞሩ ተናገሩ።

"ጽዋ ባለበት ያልከው፣ ጽዋ በሌለበት አይሻርም። ማኅበሩን ጠብቅ።"

ማኅበሩ ጥር 23። ሽንዲዎቹ ጥር 24። በመካከሉ አንዲት ሌሊት ብቻ። ማሰብ አልፈልግም።

ጥር 9፣ ቅዳሜ

የአያ ፀጋው ጤፍ የሚወቃበት ቀን። ወንፈል ነው፤ የእናቴን ጤፍ እነሱ መጥተው ወቅተዋል፣ የእነሱን እኛ እንወቃለን። መቅረት የለም። ኩርፊያም ቢኖር ጤፍ አይጠብቅም።

አውድማው ላይ ስደርስ ማንን አየሁ? ምናለን። እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ላይዳ ጨብጦ።

ሰዉ ሁሉ ጉሮሮውን ይጠርጋል። አያ ፀጋው መሬት መሬት ያያሉ። ተጠጋሁት።

"ምን ልትሠራ መጣህ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"እመጣለሁ ያልኩት ሳይከለክሉኝ በፊት ነው።" ፊቱን አዞረ። ከአሥር ቀን በላይ ቆይቶ ያናገረኝ ይህን ብቻ።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ምናለ በላይዳው እያፈሰ ወደ ላይ ያዘራ ጀመር። እብቁ ተነሣና ዋጠው። ጠፋ። ታየ። እግሩ ብቻ ታየ። እንደገና ጠፋ። ነፋሱ ደግሞ የሚታመን አይደለም፤ አንዴ እፍ ይልና አንዴ ይተወዋል። እኛ በዚህ በኩል የቆምነው እብቅ እየቃምን "አለ? የለም?" እንባባላለን። ያምሮት ግን ውኃ ይዛ ከነፋሱ ወገን ነው የቆመችው። ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። ከእሷ በኩል አንድም ጊዜ አልጠፋም።

መንሼ ከእጄ ወደቀ።

"ምነው? እንደ ሎጥ ሚስት!" አለኝ ደረሰ፣ ጎረቤታቸው።

ይኸው እኮ ነው!... ይኸው!

ከኮከቡ አጠገብ ያለው አቧራ አይረጋም። የኮከቡ መግነጢስ ጋዙን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ አቧራው አብሮ ይነሣል፣ ይከመራል፣ ይበተናል። ጉብታ ጉብታ እየሆነ በፊታችን ያልፋል። የዛሬው ጉብታ ነገ ላይኖር ይችላል፤ ነገ ሌላ ይነሣል። ቀጠሮ የሌለው ለዚህ ነው። ኮከቡ አልታመመም፣ አልደከመም። የጨለመው ለእኛ ነው፣ እብቁ በሚያልፍበት በኩል ለቆምነው። ከሌላ በኩል የሚያየው ካለ፣ ምንም አልሆነም ይላል።

ዲስኩ በጎኑ ሳይሆን ፊት ለፊት የሚታየን ኮከብስ? እሱም አንዳንዴ ይደበዝዛል እኮ። የውስጠኛው ክፍል ከውጪው ዘንበል ብሎ ይሆናል። ይሆናል ብቻ። ሊቃውንቱ በዚህ ላይ ገና እየተጨቃጨቁ ነው። እኔ ላስታርቃቸው? የራሴን መች ታረቅኩ።

ማታ ለዶክተር መስከረም ያን ገጽ ጻፍኩ። ሳላቋርጥ፣ ሳልሰርዝ። ለምናለ አንዲት መስመር ልጻፍ ብዬ አቃተኝ።

ጥር 11

ጥምቀት። ቡሬ ወረድኩ። በሰው መካከል ትከሻዬን የነካችኝ ያምሮት ነበረች።

"አንተ ኮከብ ቆጣሪ።"

"ያምሮት፣ እኔ እኮ..."

"ዝም በል። ትችላለህ እንዴ?" ዓይኗ ቀልቷል። "ሽንዲ አልሄድም። አባቴን ደግሞ በሰው ፊት አላዋርድም። በሁለቱ መካከል መቆሚያ አጣሁ። ያጠበብከው አንተ ነህ። አስፋው።"

ሄደች። ስለ ውበቷ፣ ስለ ቁጣዋ፣ አንድ የሚያስቅ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት። መጀመሪያዬ መሰለኝ።

ጥር 16

ከዶክተር መስከረም፦ "አሁን ገባህ።" ሁለት ቃል። ዓመት ሙሉ የጠበቅኋቸው። ደስ አላለኝም።

ጥር 21፣ ሐሙስ

እናቴ ቤት ድንጋይ ስመርጥ ዋልኩ። በአገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ይቆማል፤ "አውርድ" እስኪሉት። የምርጫው ጣጣ ቀላል አይደለም። ትንሽ ከሆነ ቧልት ይመስላል። ትልቅ ከሆነ ይቅርታዬን ሳልጨርስ ወገቤ ይቀድመኛል። የእናቴን የወፍጮ መጅ አንሥቼ ሞከርኩት። እናቴ "ምን ልትፈጭ ነው?" አለች። "ራሴን" አልኳት። ሳቀች።

እሷም ሳቀች። ፍርሃቴ ይኸው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስቃቸው ኖሬ፣ መጅ ተሸክሜ ስገባ ምን የሚያደርጉ ይመስላል? ከሳቁ አለቀ። ሁለተኛ ቀልድ ይሆናል። በማግሥቱ ሽንዲዎቹ ይገባሉ።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

የዚህ ወር ተራ የመሪጌታ ቂርቆስ ነበር። ጸሎቱ እስኪያልቅ ደጅ ቆየሁ። ከዚያ መጁን ማጅራቴ ላይ አድርጌ፣ በግራ እጄ ደግፌ፣ ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

የፈራሁት ደረሰ። እማማ አስካለ ማርያም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው "ኧረ ይኸ ልጅ! ዛሬ ደግሞ ምን ሊያሳየን ነው!" አሉ። ሳቁ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደ። አያ ፀጋው ብቻ አልሳቁም። ምናለ የማኅበሩ አባል ስላልሆነ እዚያ አልነበረም። ለማገዝ የመጣችውን ያምሮትን በጓዳው በር በኩል ለእንግዳ ጠላ ስትቀዳ አየኋት። መቅዳቷን አቆመች።

"ባለፈው ወር..." አልኩ። ድምፄ ቀጠነ። እንደገና ሳቁ።

መሪጌታ ተነሡ። ጽዋውን አንሥተው ቀኝ እጄ ላይ አስቀመጡት። "ይያዝና ይናገር" አሉ።

ሳቁ እንደ ሻማ ጠፋ።

"ባለፈው ወር ይህን ይዤ ዋሽቻለሁ። ለሳቅ ብዬ። ያሳየኋችሁ ኮከብ የምናለ አይደለም። የማንም አይደለም። አያ ፀጋውን፣ ያምሮትን፣ ጓደኛዬን፣ ይህን ቦታ ያወረሰኝን አባቴን በድያለሁ። ስለ ጊዮርጊስ ማሩኝ።"

ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ የማብስበት እጅ አልነበረኝም።

"የማንም አይደለም?" አሉ አያ ፀጋው።

"የማንም።"

"ይጨልማል ያልከውስ? እሱም ውሸት ነው?"

እዚህ ላይ "አዎ" ማለት ይቀል ነበር። ግን ጽዋው በእጄ ነው።

"እሱ እውነት ነው። ኮከቡ ይጨልማል።"

አንዳንዱ ተነቃነቀ። አያ ፀጋው ወደ ፊት ዘመም አሉ። "ምን ሆኖ?"

"አያ ፀጋው፣ የወንፈሉ ቀን ምናለ ሲያዘራ አይተውታል?"

"አይቻለሁ።"

"እብቁ ሲነሣስ?"

"አልታየኝም።"

"የት ሄዶ ነበር?"

"የት ይሄዳል? እያዘራ ነዋ!"

"ኮከቡም እንደዚያው ነው። ወጣት ነው፤ ዙሪያው አቧራ ነው። አቧራው ውሎ አድሮ እንደኛ ምድር ያለ ነገር ይሆናል። እስኪሆን ግን ይቦናል፣ ይነሣል፣ ይጋርደዋል። እኛ በእብቁ በኩል ቆመን ጨለመ እንላለን። አርጅቶ አውድማውን ጠርጎ የጨረሰ ኮከብ እንዲህ አይደበዝዝም፤ የሚያዘራው የለውማ።"

አንገቴ ሊቆረጥ ነው።

"አቧራው መቼ ይለቀዋል?" አሉ አያ ፀጋው።

"ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል።"

አሰቡበት። በእውነት አሰቡበት፤ ጺማቸውን እያሹ።

"ለሠርጉ አይደርስም ማለት ነው" አሉ።

መጀመሪያ የሳቁት መሪጌታ ናቸው። ከዚያ ቤቱ ፈረሰ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም፤ መጁ አላስቅ አለኝ።

"እንግዲያስ ሳንጠብቀው እንደግሳለን።" አያ ፀጋው እጃቸውን አነሡ፣ ሰው ጸጥ አለ። "ያ ልጅ ከከለከልኩት በኋላ ለጤፌ መጣ። ያን ዕለት ሆዴን በላኝ። ግን በጽዋ የተነገረብኝን በምን ልለፈው? አሁን በጽዋ ተመለሰ።"

"የሽንዲዎቹ ቃልስ?" አለ ደረሰ።

"ይምጡ ብያለሁ፣ ይምጡ። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። እሰጣለሁ አላልኩም።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ግን፣ ቅጣት አለብህ። በሠርጉ ቀን ከአፍህ አንዲት ቀልድ ብትወጣ ይኸን መጅ መልሰህ ትሸከማለህ።"

"እሺ፣ አያ ፀጋው።"

"በል አውርድ።"

ከጓዳው በኩል አንድ ነገር ወድቆ ሲሰበር ሰማን። የጠላ ብርጭቆ ነበር።

ጥር 24

ሽንዲዎቹ መጡ፣ በሉ፣ መርቀው ሄዱ። ጨዋ ሰዎች ናቸው አሉ። ማታ በር ተንኳኳ። ምናለ፣ ፍራሹን ተሸክሞ።

"ምነው?" አልኩት።

"ላም ታንኮራፋለች።"

ፍራሹን አብረን ዘረጋነው።

የካቲት 1፣ እሑድ

ሠርጉ ዋለ። አያ ፀጋው ዳሱ ውስጥ መቀመጫዬ ሥር መጁን አስቀምጠው ጠበቁኝ። ቀኑን ሙሉ እግሬ ሲነካው ዋለ። የሙሽራው ኮት እጅጌ አጥሮ ነበር... አላልኩም። የሽማግሌው ንግግር ከቅዳሴው ረዘመ... አላልኩም። ደረሰ በጆሮዬ "የእኔንስ ልጅ ኮከብ በሳጥኑ ታይልኛለህ?" አለኝ። የመለስኩለትን ሳስበው ራሴን አላወቅሁትም። "አላይም። ልጁን ራሱን እየው" አልኩት። ያለ ቅንድብ፣ ያለ ወፍራም ድምፅ።

ከሰዓት በኋላ ጭፈራው ከዳሱ ወጣ። ያ ሁሉ እግር የድግሱን ግቢ አቦነነው። ምናለና ያምሮት መሐል ናቸው፤ አንዴ ይታያሉ፣ አንዴ የሉም።

አያ ፀጋው ወንበራቸውን ይዘው አጠገቤ መጡ።

"ያ ኮከብስ? ሰሞኑን አየኸው?"

ጠዋት ኔትወርክ ሲመጣ አይቼው ነበር። መስመሩ እንደገና ገደል ገብቷል። ዛሬ ቀኑ ሠርግ ነው፣ መጁ እግሬ ሥር ነው፤ ምን ልበላቸው?

"ደብዝዟል፣ አያ ፀጋው። ከባለፈውም ብሶበታል።"

ጠላቸውን ቀመሱ። አቧራውን አዩ። ልጃቸውን ፈለጉ፣ አጧት።

"ሥራ በዝቶበታል" አሉ። ተነሥተው ወንበራቸውን አነሡና ግቢውን ዞረው፣ ከነፋሱ ወገን ሄደው ተቀመጡ። ከዚያ በእጃቸው ጠሩኝ።

ሄድኩ። ከዚያ በኩል ሁለቱም ጥርት ብለው ይታያሉ።